ቀሪ

በእኛ ሰፈር ልጅ በእግሩ ተማሪ ቤት አይደርስም፤
መንገዱ ባሕር ነው፣ ዱካ አይቀመጥበትም።
መንገድ ማለት እኔ ነኝ፣ እኔና ይቺ ጀልባ፣
ናፍጣ የምትጠጣ፣ ስትነሣ የምታነባ።
ከቺሎዌ በታች፣ ከተበተኑት ደሴቶች፣
ጎሕ ሳይቀድ እለቅማለሁ፣ እንደ ባቄላ፣ ልጆች፤
አሥራ ሰባት ቦርሳ፣ ሠላሳ አራት ጫማ፣
ሁሉም ባንዴ ያወራል፣ ማን ማንን ሊሰማ።

ያን ክረምት ሬዲዮው ስለ ሩቅ ከተማ ያወራል፤
ሳንቲያጎ አልጋ ጠፋ፣ ሳንቲያጎ ሰው ያጣጥራል።
እኛም ከንፈር መጠጥን፣
እንደ ማናውቀው ሰው ለቅሶ፣ ከደጅ ቆመን።
"በሽታ ዋና አያውቅም" አሉ ሽማግሎች፣ ስቀው።
እውነት ነው፣ አይዋኝም።
እኔ ነኝ ያሻገርኩት፣ ትኬት እንኳ ሳልጠይቀው።

ነርሷ ኖልፋ ከወደቡ ጫፍ ጮኻ ነግራኛለች፤
"ሸራው ተጠቅልሎ ይታሰር፣ ጀልባዋ ትተንፍስ" ብላለች።
ሦስት ቀን ታዘዝኩ።
በአራተኛው ዝናቡ ከላይ መውረዱን ትቶ
በጎን መጣ፣ እንደ ሌባ፣ በየቀዳዳው ገብቶ፤
የኢሶሊና ከንፈር እንደ ቀለም ጠቆረ፣
ጥርሷ ከሞተሩ ጋር መንገጫገጭ ጀመረ።
ስድስት ዓመቷ ነው።
አንጀቴ አልቻለም፤ ሸራውን ለቀቅኩት።
በርኅራኄ ነው እንግዲህ፣ ዘግቼ የከፈትኩት።

ውስጡ ሞቀ። መስታወቱን ጉም ሸፈነው፤
ጉም አልኩት እንጂ፣ የአሥራ ሰባት ልጅ ትንፋሽ ነው።
በጣታቸው ዓሣ ሣሉበት፣ ውሻ፣ ጠማማ ቤት፣
ስማቸውን ጻፉበት፣ አንዱ ባንዱ ፊደል አናት።
ሁሉም ሣለ። አቤላርዶም ሳለ፣ እሱ ግን ያለ ጣት፤
ሞተሩን የኮረጀ መስሏቸው፣ በሳቅ ሞቱለት።

ተማሪ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሐሉ ላይ እሳት፣
ዙሪያውን እርጥብ ካልሲ፣ አምና በሚስማር የታሸገ መስኮት።
መምህርት ሜላኒያ ስም ትጠራለች፤
ሰኞ፣ ሁለት ቀሪ።
ረቡዕ፣ አምስት ቀሪ።
ዓርብ፣ ጠሪዋም ቀሪ።

ልጆቹ ዘንድ እንደ እንግዳ አድሮ፣ ሁለት ቀን አተኩሶ ሄደ፤
ጓዙን ያራገፈው ወጥ ቤት ነው፣ ኦርፌሊና ደረት ላይ ወረደ።
ኦርፌሊና፣ ድንች ልጣ ሾርባ የምትሠራ፣
የእያንዳንዱን የአንገት ልብስ የምታስር፣ በየተራ፤
ጎንበስ ባለች ቁጥር አንድ ትንፋሽ ተቀበለች፤
በአሥራ አንደኛው ቀን ሁሉንም መለሰች።
ሣጥኗን በዚችው ጀልባ ወሰድኩ። ያን ቀን ሸራው አልወረደም፤
ዝናቡ መታት፤
ከእንግዲህ አይበርዳትም።

አቤላርዶን ማንም አልነገረውም። ልጅ ግን ሒሳብ ያውቃል፤
በወጥ ቤቱ በር ሲያልፍ እስትንፋሱን ይውጣል።
አንድ ማለዳ አጠገቤ አቁሜ መሪውን አስያዝኩት፤
"ሸራው የኔ ነበር፣ ያወረድኩትም እኔ" አልኩት።
አላመነኝም። ባሕር ባሕሩን አየ።
መሪውን ግን አልለቀቀም፣
ከልክ በላይ አጥብቆ፣ ወደብ እስክንደርስ፣ ያዘው።

አሁን ሸራው ታስሯል። ዝናቡ ፊት ፊታችንን ይለናል፤
መስታወቱ ጠርቷል፣ ሥዕል የለበትም፣ ይበርደናል።
ሜላኒያ ተሽሏት ስም ትጠራለች፤ "አለሁ" ይላል ሁሉም፣
አቤላርዶ ትንሽ ይዘገያል፤ ድምፁ አይሰማም።
ኦርፌሊና መዝገቡ ላይ ስሟ ኖሮ አያውቅም፤
ስለዚህ "ቀሪ" ብሎ የሚጽፍባት የለም።
ሾርባውን ሌላ እጅ ይቀዳል። ጨው በዝቶበታል፤
ማንም ምንም አይልም፣ ሁሉም ይጠጣዋል።

ቀሪስ እኛ ነን።